በሰው እጅ የተሞላ ባሕር፦ የዌስትፖርት የቻርተር ጀልባዎች ታሪክ

ዌስትፖርት የምትባለው ትንሽ የወደብ ከተማ የምትገኘው በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ በዋሺንግተን ግዛት፣ ግሬይስ ሀርበር የተባለው የባሕር ወሽመጥ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከሲያትል ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚነዳ ሰው ከሁለት ሰዓት በላይ ከተጓዘ በኋላ ይደርስባታል። ነዋሪዎቿ ከጥቂት ሺህ አይበልጡም። ይሁን እንጂ ይህች ከተማ በደኅናው ዘመኗ ራሷን የዓለም የሳልሞን ማጥመጃ ዋና ከተማ ብላ እስከ መጥራት ደርሳ ነበር። ለዚህ ስም ያበቋት ከሁሉ ይልቅ የቻርተር ጀልባዎቿ ናቸው።

ቻርተር የሚባለው ሥራ አካሄዱ ቀላል ነው። ዓሣ ማጥመድ የሚወድ፣ ነገር ግን ጀልባም የባሕር ዕውቀትም የሌለው ሰው የአንድ ቀን ዋጋ ከፍሎ ይሳፈራል። ካፒቴኑ ጀልባውን ይነዳል፣ ዓሣው ያለበትን ቦታ ፈልጎ ያገኛል፤ ረዳቱ ደግሞ መንጠቆውን በማጥመጃ ያለብሳል፣ የተወሳሰበ ክር ይፈታል፣ የተያዘውን ዓሣ በመረብ ይቀበላል፣ ወደ ወደብ ሲመለሱም አርዶና አጽድቶ ለባለቤቱ ያስረክባል። ዓሣው የተሳፋሪው ነው። በሕግ ረገድ ካፒቴኑ ዓሣ ነጋዴ አይደለም፤ የሚሸጠው የመርከብ አገልግሎት ነው። ጎሕ ሳይቀድ መነሣት፣ ቡና በቴርሞስ መያዝ፣ በትልቁ ዓሣ መወራረድ፣ በሞገድ ታምሞ ከጀልባው ጠርዝ ላይ መደፋት ሁሉ የዚህ ንግድ የዘወትር ትዕይንት ነው።

የሥራው ታሪክ ሲመረመር ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ይታያል። ካፒቴኖቹ ከባሕር ያወጡት የነበረው ዓሣ የተፈጥሮ በረከት ብቻ አልነበረም። ከወደቡ አፍ ጀምሮ ዓሣው እስከሚፈለፈልበት ገንዳ ድረስ ሥራው የቆመው በመሐንዲሶች ሥራ ላይ ነበር። ዕዳውም ቢሆን የተጻፈው ጀልባዎቹ ከመሠራታቸው በፊት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የወደቡን አፍ እንመልከት። የወሽመጡ ስም የተወሰደው በ1792 መርከቡን ይዞ ከገባው ከአሜሪካዊው የባሕር ነጋዴ ከሮበርት ግሬይ ነው። የቼሃሊስ ወንዝ ወደዚህ ወሽመጥ ይፈስሳል። ከውቅያኖሱ የሚመጣው ሞገድና የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በአፉ ላይ አሸዋ ይከምራሉ፤ መርከበኞች ይህን ክምር «ባር» ይሉታል። ክምሩ በየወቅቱ ቦታውን ስለሚቀያይር ለመርከብ አደገኛ ነበር። በመሆኑም የዩናይትድ ስቴትስ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ክፍል ከ1898 እስከ 1902 ድረስ በደቡብ በኩል፣ ከ1907 እስከ 1916 ድረስ ደግሞ በሰሜን በኩል ወደ ውቅያኖሱ ዘልቀው የሚገቡ ሁለት ረጃጅም የድንጋይ ግንቦችን ሠራ። ሐሳቡ ለውሃ መሐንዲስ አዲስ አይደለም። ሰፊው መውጫ በሁለቱ ግንቦች ሲጠብ የውሃው ፍጥነት ይጨምራል፤ በጉድለት ሰዓት የሚወጣው ውሃም አሸዋውን ራሱ እየጠረገ መንገዱን ጥልቅ ያደርጋል። ግንቦቹ የተሠሩት ለዓሣ አጥማጅ ታስቦ ሳይሆን ከዙሪያው ደን የሚቆረጠውን ግንድ ለሚጭኑ መርከቦች ነው። እነርሱ ባይኖሩ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው የቻርተር ንግድ ባልታሰበም ነበር።

ያም ሆኖ ባሕሩ ለግንብ ሙሉ በሙሉ አልተገዛም። የሚወጣው የጉድለት ውሃ ከሚገባው የውቅያኖስ ሞገድ ጋር ፊት ለፊት በሚጋጭበት ሰዓት ሞገዱ አጭርና ቁልቁል ሆኖ ይቆማል፤ ይሰበራልም። እንዲህ በሚሆንበት ጊዜ የጠረፍ ጥበቃው ለትናንሽ ጀልባዎች መውጫውን ይዘጋል። ድንጋዮቹም በሥራቸው ያለው አሸዋ እየተጠረገ ይሰምጣሉ። በታኅሣሥ ወር 1993 ውቅያኖሱ በደቡቡ ግንብና ከእርሱ ጋር በተያያዘው የባሕር ዳርቻ መካከል ሰብሮ ገብቶ ስለነበር ክፍተቱ በሚቀጥለው ዓመት በአሸዋ ተደፈነ። ጥገናው ማለቂያ የለውም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሲያትልና የታኮማ የፋብሪካ ሠራተኛ መኪና ገዛ፤ የዕረፍት ቀንም አገኘ፤ መንገዱም ተሻሻለ። ዌስትፖርት የቅዳሜና የእሑድ መድረሻ ሆነች። በመንገዱ ዳር የቻርተር ቢሮዎች በረድፍ ተከፈቱ። ዓሣ የሚጠመደውም በአብዛኛው ሞተር አጥፍቶ ከነፋስና ከውሃ ጋር በመንሳፈፍ ነበር። ሄሪንግ የተባለው ትንሽ ዓሣ ራሱ በሰያፍ ይቆረጥና በሁለት መንጠቆ ላይ ይሰካል። የሰያፉ ማዕዘን በትክክል ከተቆረጠ ማጥመጃው ውሃ ውስጥ እንደ ቆሰለ ዓሣ ይሽከረከራል፤ ካልተቆረጠ ግን እንደ ጨርቅ ይጎተታል። የጥሩ ረዳት ምልክት ቢላዋው ነው የሚባለው ለዚህ ነበር። ከመንጠቆው በላይ ጥቂት አውንስ የሚመዝን እርሳስ ይታሰራል። ተሳፋሪው ክሩን ወደ ጥልቁ ይለቅና ቀስ እያለ ይሰበስባል። ሳልሞኑ ሲነካው ወዲያው መጎተት ነውር ነው፤ ዓሣው ራሱ ይዞት እስኪሄድ መታገሥ ያስፈልጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጠምድ ሰው ይህን ትዕግሥት እስኪማር ድረስ ብዙ ሳልሞን ያመልጠዋል።

የተሳፋሪው ደኅንነት ሕግ ግን የመጣው ከአገሪቱ ሌላ ጫፍ ነው። መስከረም 1 ቀን 1951 ፔሊካን የተባለች 42 ጫማ ርዝመት ያላት የቻርተር ጀልባ 64 ሰዎችን አሳፍራ በኒው ዮርክ ግዛት ከሞንታውክ ወደ አትላንቲክ ወጣች። የአየሩ ጠባይ ተለወጠ፤ ስትመለስም ከሁለቱ ሞተሮቿ አንዱ ተበላሸ። በሞንታውክ ጫፍ አጠገብ ሞገድ መትቶ ገለበጣት፤ ካፒቴኑን ጨምሮ 45 ሰዎች ሞቱ። የመርከብ ሚዛን ስሌት ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። በትንሽ ጀልባ ላይ የቆሙ ብዙ ሰዎች የክብደቱን ማዕከል ወደ ላይ ያነሡታል። ወደ አንድ ወገን በተጠጉ ቁጥርም ጀልባዋ ራሷን ለማቃናት ያላት ኃይል ይቀንሳል። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለችው ጀልባ ስንት ሰው መጫን እንዳለባት የሚወስን በቂ ሕግ አልነበረም። በ1956 የአገሪቱ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ከስድስት በላይ ተሳፋሪ በክፍያ የሚጭን ትንሽ ጀልባ ሁሉ በጠረፍ ጥበቃው እንዲመረመርና የሚጭነው ሰው ብዛት እንዲወሰን አደረገ። የዌስትፖርት ካፒቴኖችም በዚህ ሕግ ሥር ሆኑ። ያን ጊዜ የምርመራው ወጪ ያማረራቸው እንደ ነበሩ መገመት አያስቸግርም፤ ያን አደገኛ ባር በየቀኑ ሲሻገር ለኖረ መርከብ ግን ከዚህ የተሻለ ዋስትና አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመጣለን፤ ይኸውም ዓሣው ከየት ይመጣ ነበር የሚለው ነው።

ከዌስትፖርት ወደ ደቡብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ታላቁ የኮሎምቢያ ወንዝ ወደ ውቅያኖስ ይገባል። ሳልሞን በወንዝ ተፈልፍሎ በባሕር የሚያድግና ለመራባት ወደ ተወለደበት ወንዝ የሚመለስ ዓሣ መሆኑ ይታወቃል። ስለሆነም በዌስትፖርት ፊት ለፊት የሚበላው፣ የሚሰባውና የሚጠመደው ሳልሞን ብዙው የኮሎምቢያ ልጅ ነበር። በዚህ ወንዝ ላይ በ1938 ሥራ የጀመረው የቦንቪል ግድብ ዓሣው ደረጃ በደረጃ እየዘለለ የሚወጣበት መሰላል ተሠርቶለታል። ከባሕሩ 960 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በ1942 የተጠናቀቀው ግራንድ ኩሊ ግን ከመሠረቱ 168 ሜትር ከፍታ ያለው ነበር፤ ለእንዲህ ያለ ከፍታ የሚሆን መሰላል መሥራት እንደማይቻል ተወስኖ መንገዱ ጨርሶ ተዘጋ። ከግድቡ በላይ ያለው ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የወንዝና የገባር ወንዞች መፈልፈያ ለሳልሞን ሞተ። በሰኔ 1940 የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ለብዙ ትውልድ ዓሣ ሲያጠምዱበት በኖሩት በኬትል ፏፏቴ ተሰብስበው ፏፏቴው በሐይቁ ከመዋጡ በፊት የልቅሶ ሥርዐት አደረጉለት። በ1957ም ከታች በኩል ሴሊሎ የተባለው ፏፏቴና የጥንት ማጥመጃ በዳልስ ግድብ ውሃ ሥር ገባ።

የግድብ ሥራ ባዕድ ያልሆነበት አንባቢ የእነዚህን ግንባታዎች ጥቅም ሊዘነጋው አይችልም። የአሉሚኒየም ፋብሪካዎቹና የአውሮፕላን ሥራው ኤሌክትሪክ ያገኙት፣ በረሓውም በመስኖ የለማው በእነርሱ ነው። ለቅዳሜው ተሳፋሪ ደመወዝ የከፈለው ኢንዱስትሪም በዚህ ኃይል የቆመ ነበር። መሐንዲሶቹ የዓሣውን ጉዳት አላዩም ማለትም ስሕተት ይሆናል። አይተውታል፤ ነገር ግን በሒሳቡ ውስጥ ሊካካስ እንደሚችል ወጪ አድርገው ጻፉት። ሚቸል በተባለ ስም የሚታወቀው የ1938 ሕግ ለማካካሻ የሚሆን የዓሣ ማስፈልፈያ ጣቢያ ለመሥራት መንገድ ከፈተ። ገንዘቡ ከጦርነቱ በኋላ በብዛት ሲለቀቅ ጣቢያዎቹ የተተከሉት በአብዛኛው በወንዙ የታችኛው ክፍል፣ ለባሕሩ ቅርብ በሆነው በኩል ነው። ለአስተዳደር የሚመች ነበር፤ የዓሣው ጫጩትም ብዙ ግድብ ማለፍ አያሻውም ነበር። ነገር ግን ዓሣውን ያጣው ላይኛው ወንዝ ነው፤ የተካሰው የታችኛው ወንዝና ባሕሩ ነው። በኬትል ፏፏቴ ያለቀሰው ሕዝብ ለጠፋበት ሳልሞን ምትክ ሆኖ የተፈለፈለው ዓሣ በዌስትፖርት ጀልባዎች ላይ ተጎተተ። ይህን ያህል የተዛባ ማካካሻ በአንድ ወንዝ ላይ መፈጸሙ እስከ ዛሬ ድረስ በበቂ ያልተነገረ ነገር ነው።

መጀመሪያ ላይ ጣቢያዎቹ ራሳቸው የረባ ውጤት አልነበራቸውም። ጫጩቶቹ ጥሬ የዓሣ ተረፈ ሆድ ዕቃ እየበሉ በበሽታ ያልቁ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በኦሪገን ተመራማሪዎች የተዘጋጀው በሽታው የተገደለበት እርጥብ እንክብል መኖ ሁኔታውን ለወጠው። በተለይ ኮሆ የተባለው የሳልሞን ዓይነት በገንዳ ማደግ ተስማማው። ኮሆ አንድ ዓመት ተኩል ያህል በጣፋጭ ውሃ፣ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ደግሞ በባሕር ቆይቶ በሦስት ዓመቱ ይመለሳል፤ ስለዚህ ጣቢያው የዘራውን ባሕሩ ፈጥኖ ይመልሳል። በ1960ዎቹ ውስጥ የባሕሩም ጠባይ አመቺ ነበር። ቀዝቃዛና ምግብ የበዛበት ውሃ በጠረፉ ላይ ይወጣ ስለነበር ጫጩቱ አደገ፤ ብዛቱም ተትረፈረፈ። በ1970ዎቹ መካከል በዌስትፖርት ከሁለት መቶ በላይ የቻርተር ጀልባዎች ይሠሩ ነበር። ከጸደይ እስከ መኸር ድረስ በየማለዳው የጀልባዎቹ መብራት እንደ ሰልፍ ወደ ባሩ ይተምም ነበር። የዚያን ዘመን ካፒቴን ስለ ዓሣው መብዛት ቢጠየቅ ባሕሩን ያመሰግን ነበር፤ የጣቢያ ኃላፊ ቢጠየቅ ደግሞ ገንዳውን ያመሰግን ነበር። ሁለቱም በከፊል እውነት ነበራቸው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ግን ማንም አልለየውም። በ1976 እና በ1977 መካከል የሰሜን ፓስፊክ ጠባይ ተለወጠ፤ ውሃው በጠረፉ ላይ ሞቀ፤ ከገንዳ የሚለቀቀው ጫጩት ሳይቀንስ የሚመለሰው ዓሣ ቀነሰ። ገንዳው ብቻውን እንደማይበቃ የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ሌላው ዕዳ ከዚያ በፊት በ1974 ቀርቦ ነበር። በ1854 እና በ1855 የዋሺንግተን የመጀመሪያው ገዢ አይዛክ ስቲቨንስ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ጋር ውሎችን ተፈራረመ። ሕዝቦቹ ሰፊ መሬት ለቀቁ፤ በለመዱት ቦታ ከሌላው ነዋሪ ጋር በጋራ ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን ግን አስጠበቁ። ወረቀቱ ለ120 ዓመት ያህል ሲቀመጥ የማጥመጃው ሥርዐት ተለወጠ። ሳልሞን ከባሕር ወደ ወንዝ የሚጓዝ በመሆኑ መጀመሪያ የሚያገኘው በውቅያኖስ ላይ ያለው ጀልባ ነው፤ ቀጥሎ በወሽመጡ የሚያጠምደው መረብ ነው፤ በወንዙ ላይ መረቡን የዘረጋው ነባር ሰው የመጨረሻ ደራሽ ነው። ለዘር መቅረት ያለበት ዓሣ ሲጎድል የግዛቱ መንግሥት ዓሣ እንጠብቃለን ብሎ ያስር የነበረው ይህን መጨረሻ ደራሽ ነበር። የኒስኳሊው ተወላጅ ቢሊ ፍራንክ በ1945 ገና በ14 ዓመቱ ተይዞ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ከሃምሳ ጊዜ በላይ ታስሯል።

የካቲት 12 ቀን 1974 የፌዴራሉ ዳኛ ጆርጅ ቦልት ውሉን እንደ ሕግ አንብቦ ፈረደ። «በጋራ» ማለት ለውለኞቹ ሕዝቦች ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሽ ድረስ ይድረሳቸው ማለት ነው አለ። ቁጣው ከባድ ነበር። የዳኛው ምስል በየአደባባዩ ተሰቅሎ ተቃጠለ፤ ሕገ ወጥ ማጥመድ በረከተ። በመጨረሻም ሐምሌ 2 ቀን 1979 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን በመሠረቱ አጸና። ለቻርተር ካፒቴኖች ነገሩ የሚከተለውን ይመስል ነበር፦ በቀረው ግማሽ ላይ የንግድ መረብ፣ የንግድ መንጠቆ ጎታች፣ የግል ጀልባ ባለቤትና እነርሱ ሁሉ ተሰለፉ። ቤቱን አስይዞ ጀልባ የገዛው ካፒቴን የ1855ቱን ውል አልፈረመም፤ ግድቡንም አልሠራም። ሐዘኑ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን የነባሩ ሕዝብ ሐዘን ከእርሱ ይልቅ የሚረዝም ነበር፤ ፍርዱም የወሰደበት የእርሱ ያልነበረውን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው በፍጥነት ሊነገር ይችላል። በ1976 የወጣው የአገሪቱ የዓሣ ሕግ እስከ 200 ማይል ያለውን ባሕር በፌዴራል ሥልጣን ሥር አደረገ፤ የማጥመጃውን ወቅትና መጠንም የፓስፊክ የዓሣ አስተዳደር ምክር ቤት እንዲያቀርብ ተደረገ። በ1977 የዋሺንግተን ግዛት ምክር ቤት ለአዲስ የሳልሞን ቻርተር ፈቃድ መስጠትን አገደ። በ1981 ደግሞ በሆህ ሕዝቦች ክስ የተሰጠው ፍርድ የውቅያኖሱ ማጥመድ በወንዝ በወንዙ እየተሰላ እንዲወሰን አደረገ፤ ይህም ማለት አንድ ደካማ ወንዝ የባሕሩን ሁሉ ማጥመድ ሊያስቆም ይችላል ማለት ነው። በ1982 እና በ1983 ኤል ኒኞ የተባለው የውቅያኖስ ሙቀት መጥቶ ዓሣውን አከሳው። ስድስት ወር ያህል ይቆይ የነበረው ወቅት ወደ ሳምንታት አጠረ። በመጨረሻም በ1994 ከውለኞቹ ሕዝቦች በቀር በዋሺንግተን ውቅያኖስ ላይ ሳልሞን ማጥመድ ጨርሶ ተከለከለ። በዌስትፖርት የቻርተር ቢሮዎች ተዘጉ፤ አንዳንዱ ካፒቴን ጀልባውን ሸጠ፣ አንዳንዱ ወደ አላስካ ሄደ፣ ሌላው ዓሣ ነባሪ የሚያይ ቱሪስት መጫን ጀመረ።

የቀሩት ወደ ባሕሩ ወለል ዞሩ። የወለል ዓሣ ቀድሞም ሳልሞን ባልተገኘበት ቀን ተሳፋሪን ባዶ እጁን ላለመመለስ የሚያገለግል መጠባበቂያ ነበር። ሊንግኮድ የተባለው ባለ ትልቅ አፍ ዓሣ ስሙ ከሁለት ዓሦች የተገጠመ ቢሆንም ከሁለቱም ጋር ዝምድና የለውም። ሥጋው አንዳንድ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ተሳፋሪውን ያስደነግጠዋል፤ ሲበስል ግን ነጭ ይሆናል። ሮክፊሽ በሚል የጋራ ስም የሚጠሩት የአለት ዓሦችም ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ጥቁሩ ሮክፊሽ በመንጋ የሚኖርና በቀላሉ የሚገኝ ሲሆን በጥልቁ ደግሞ ካናሪና ዓይነ ብጫ የሚባሉት ይገኛሉ። ካፒቴኑ በድምፅ ሞገድ ጥልቀት በሚለካው መሣሪያ አለቱን ፈልጎ ጀልባውን ያቆማል፤ ተሳፋሪው ከባድ እርሳስ ይጥላል፤ ወዲያው ይያዛል። ሳልሞን የሚጠይቀው ትዕግሥት እዚህ አያስፈልግም።

ችግሩም እዚህ ላይ ነበር። ካፒቴኖቹ የወለሉን ዓሣ እንደ ኮሆ በሦስት ዓመት የሚታደስ አድርገው ቆጠሩት። ዓይነ ብጫው ሮክፊሽ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሊኖር የሚችል ፍጥረት ነው፤ ለመውለድ የሚደርሰውም ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በ1990ዎቹ ማለዳ ላይ ከአለቱ የወጣ አንድ ትልቅ ዓሣ የኬትል ፏፏቴ ገና ሳይዋጥ፣ ምናልባትም የሰሜኑ የድንጋይ ግንብ ገና ሳይሠራ የተወለደ ሊሆን ይችላል። ከቻርተሩ ይልቅ ብዙ የወሰዱት በዚያው ባሕር የሚሠሩት የንግድ መረብ ጎታቾች ናቸው፤ ይህን ለካፒቴኖቹ መመስከር ይገባል። በ1999 ሊንግኮድ፣ በ2000 ካናሪ፣ በ2002 ዓይነ ብጫው ከመጠን በላይ ተጠምደዋል ተብለው ታወጁ። በጥር 2000 የአገሪቱ መንግሥት የምዕራቡን ጠረፍ የወለል ዓሣ ሥራ እንደ አደጋ የደረሰበት ቆጠረው። ከ2002 ጀምሮም ጥልቅ የሆኑት የአለት ስፍራዎች በሰፊው ተዘጉ።

ካናሪውንና ዓይነ ብጫውን ማስቀረት ተከለከለ፤ የያዛቸው ሰው ወደ ባሕር እንዲመልሳቸው ታዘዘ። ትእዛዙ በወረቀት ላይ ትክክል ነበር፤ በባሕር ላይ ግን አልሠራም። ምክንያቱም የፊዚክስ ነው። በየ10 ሜትር ጥልቀት የውሃው ጫና በአንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨምራል። በ50 ሜትር ያለ ዓሣ ስድስት እጥፍ ግፊት ይሸከማል። ሮክፊሽ ተንሳፍፎ ሚዛኑን የሚጠብቅበት የአየር ከረጢት አለው፤ ከረጢቱ ግን ከጉሮሮው ጋር የሚያገናኝ ቱቦ የለውም። ዓሣው በፍጥነት ወደ ላይ ሲጎተት በውስጡ ያለው አየር ወደ ስድስት እጥፍ ሊሰፋ ይሞክራል። ዓይኑ ወደ ውጭ ይፈጥጣል፤ ሆድ ዕቃው በአፉ ይወጣል። ሳልሞን ግን አየሩን በጉሮሮው ማስተንፈስ ስለሚችል ይህ አይደርስበትም። የተመለሰው ሮክፊሽ መስጠም አቅቶት በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ የባሕር ወፍ መብል ይሆናል። ሕጉን ያከበረው ተሳፋሪ የመቶ ዓመት ዓሣ በዓይኑ ፊት ሲሞት ያያል፤ ካፒቴኑም ሊያስረዳው ይቸገራል።

መድኃኒቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። አየሩን በመርፌ ማውጣት ተሞከረ፤ ልምድ የሌለው እጅ ግን ሌላ ክፍል ይወጋል። የተሻለው ዘዴ ዓሣውን ወደ ወጣበት ጥልቀት መልሶ ማውረድ ነው፤ ግፊቱ ራሱ አየሩን ያጠበዋል። ከባድ እርሳስ የታሰረበት፣ የዓሣውን ከንፈር የሚይዝና ወለሉ ላይ ሲደርስ የሚለቅ መያዣ ወይም የተገለበጠ ሳጥን ይበቃል። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዳንዶቹን የፈለሰፏቸው ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው ናቸው። በ2017 የዋሺንግተን ግዛት በጠረፉ ለወለል ዓሣ የሚወጣ ጀልባ ሁሉ እንዲህ ያለ መሣሪያ ለሥራ ዝግጁ አድርጎ እንዲይዝ አዘዘ። ሊንግኮድ ቀድሞ በ2005፣ ካናሪም በ2015 አገግመዋል ተብሎ ተወሰነ። ካናሪን ለማዳን ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስፈልጋል ተብሎ ተሰልቶ ስለነበር ይህ ያልተጠበቀ ደስታ ነበር፤ ለስሌቱ ግን ከፍ ያለ ትሕትና አስተምሯል።

ሳልሞኑም ተመልሷል፤ ነገር ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። ይህን ለመረዳት ኪት ጀፈርትስ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በ1960ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራውን ትንሽ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ይህም ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ የሚሊ ሜትር ሩብ የሆነ፣ ምልክት የተጻፈበት ሽቦ ነው። በጣቢያው ያለው ጫጩት አፍንጫ ውስጥ በመሣሪያ ይገባል። ሽቦው በውጭ ስለማይታይ፣ ያለው ዓሣ እንዲለይ በጀርባውና በጅራቱ መካከል ያለችው ትንሽ የስብ ክንፍ ትቆረጥ ነበር። ሊጠመድ የሚችለው ዓሣ በየወንዙ ስንት እንደሆነ፣ በዌስትፖርት የሚጎተተውም ከየትኛው ጣቢያ እንደመጣ በአኃዝ የታወቀው በዚህ ሽቦ ነው። የፍርዱ ግማሽና የምክር ቤቱ ኮታ ያለ እርሱ ሊሰሉ አይችሉም ነበር።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን ሌላ ሐሳብ መጣ። ከጣቢያ የሚወጣው ኮሆ በሙሉ የስብ ክንፉ ይቆረጥ፤ አጥማጁም ክንፍ የሌለውን ብቻ ያስቀር፣ ክንፍ ያለውን የዱር ዓሣ ግን ይልቀቅ ተባለ። በዚህ መንገድ ቻርተሩ ወቅቱን በከፊል መልሶ አገኘ። ረዳቱ መረቡን ከማጥለቁ በፊት በጀልባው ጎን ጎንበስ ብሎ ትንሿን ክንፍ ይፈልጋል፤ ተሳፋሪው ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ካለች ይለቀቃል። ሆኖም የክንፉ መቆረጥ የሽቦ ምልክት መሆኑ ቀረ፤ አሁን ምልክት የተደረገበት ዓሣ ብዙ፣ ሽቦ ያለበት ጥቂት ነው። ለቆጣሪዎቹ የነበረው ቀላል ዘዴ ጠፋ።

ስለሆነም በዌስትፖርት ወደብ ጀልባዎቹ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ የግዛቱ ቆጣሪ ብረት የሚያውቅ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ይዞ በእያንዳንዱ ዓሣ አፍንጫ ላይ ያሳልፋል። ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ሲጮህ የዓሣው ራስ ተቆርጦ ከወረቀት ጋር በከረጢት ይገባል፤ ተሳፋሪው የተቀረውን በበረዶ ሳጥን ይዞ ወደ ሲያትል ይነዳል። ሽቦው በቤተ ሙከራ ወጥቶ በአጉሊ መነጽር ይነበባል። የተጻፈበት ቁጥር ያ ሳልሞን የተፈለፈለበትን ጣቢያና የተለቀቀበትን ዓመት ይናገራል።